ከበር የማይወጣ ቁም ሣጥን

«ለእሷ አንዲት ክፍል እንፈልግላታለን። ሴት ብቻዋን ስንት ክፍል ልትተኛበት ነው?» አለ ወንድሟ በእሷው ስልክ፣ በእሷው ኮሪደር ቆሞ፣ እሷው የቀዳችለትን ሻይ ፉት እያለ። እትዬ ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን ታለቀልቅ ነበር። ቧንቧውን ዘጋችና ጆሮዋን ቀሰረች። ወንድሟ ሊዋሽ ሲል ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ነው፤ ስልክ ሲይዝ ግን ከመስመሩ ወዲያ ያለው ሰው ወንዝ ማዶ የቆመ ስለሚመስለው ይጮኻል። ሁለቱ ጠባዮቹ ሲጋጩ ሁልጊዜ ጩኸቱ ያሸንፋል። «ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ዶክተሩንና ባለቤቱን ይዘሃቸው ና፤ ለመጨረሻ ጊዜ ይዩት። ነገ ጠዋት እንፈራረማለን። ማን? እሷ? እሷ ደግሞ ምን ትላለች ብለህ ነው! ውክልናው እጄ ላይ አይደል እንዴ።»

የመጣው የሚያንጠባጥበውን የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ልይልሽ ብሎ ነበር። በዕድሜው ቧንቧ ጠግኖ አያውቅም። የኢንሹራንስ ቢሮ ሠራተኛ ስለሆነ የሰው ቧንቧ ሲፈነዳ ምን ምን እንደሚያወድም አብጠርጥሮ ያውቃል፤ የገዛ እናቱ ቤት ቧንቧ በየት በኩል እንደሚዘጋ ግን አያውቅም። ስልኩን አስቀምጦ ወጥ ቤት ብቅ አለና በሩን ተደግፎ ሳህኖቹን አየ፣ ጣራውን አየ፣ እሷን ግን አላየም። «እትዬ፣ ከሰዓት እንግዶች ይዤ እመጣለሁ» አላት። የምን እንግዶች እንደሆኑ ብትጠይቀው «እንግዶች ናቸዋ! ሻይ ብቻ አፍይላቸው፣ ሌላ ነገር ብለሽ እንዳትደክሚ» አለ። «እሺ» አለች። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ «እሺ» ብዙ ነገር ነው። «ሰምቼሃለሁ» ነው፣ «አላየህም እንዴ እየሠራሁ» ነው፣ «ቆይ አሳይሃለሁ» ነው። እሱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ እሺን እንደ እሺ ብቻ ነው የሚሰማው። የጫማውን ክር ሳያስር እየረገጠ ወጣ። የመታጠቢያ ቤቱ መብራት በርቷል፤ የኮሪደሩም በርቷል፤ ምን ሊያደርግ እንደገባ ባይታወቅም የኋላው ክፍል መብራትም በርቷል። እትዬ እየዞረች አጠፋፋችው።

እትዬ ብሎ የጀመራት እሱ ነው፣ አፉን ሲፈታ። ከእሱ ሰፈሩ ተቀበለ፣ ከሰፈሩ ደንበኞቿ ተቀበሉ፣ አሁን ከእሷ የሚበልጡ ሽማግሌዎች ሳይቀሩ እትዬ ነው የሚሏት። ሥራዋ መጋረጃ መስፋት ነው። የፊተኛው ክፍል ውስጥ መኪናዋ አለ፣ ግድግዳውን ተደግፈው የቆሙ የጨርቅ ጥቅሎች አሉ፣ መሃል ላይ ደግሞ ባልና ሚስት ከነልጆቻቸው ሊተኙበት የሚችል የመቁረጫ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። ደንበኞቿ የመስኮታቸውን ልክ በገመድ ለክተው፣ ገመዱን በኪሳቸው ጠቅልለው ይመጣሉ፤ እሷ ገመዱን ዘርግታ አይታ «መኝታ ቤት ነው አይደል?» ትላቸዋለች፣ አትሳሳትም። ይህ ጠረጴዛ አንዲት ክፍል ውስጥ ከገባ እትዬ የምትተኛው ከጠረጴዛው በላይ ወይም በታች ነው። ውክልናውን ያስፈረማት ባለፈው ዓመት እናታቸው ባረፈች ሰሞን ነበር። ለውሃና ለመብራት ጉዳይ ነው፣ በየቢሮው እንዳትንከራተቺ ብዬ ነው ሲላት፣ ዓይኗ በለቅሶ አብጦ የምትፈርምበት መስመር እንኳ በቅጡ አይታያትም ነበርና ፈረመች። ለካስ ውሃና መብራት ማለት ግድግዳና ጣራንም ይጨምር ኖሯል። ሄዳ ልታሰርዘው ትችል ነበር ይሆናል፤ ግን ያ ወንድምን ፊት ለፊት ሌባ ማለት ነው። ይህ ቤተሰብ ደግሞ ክፉ ቃል የሚነጋገር ቤተሰብ አይደለም፤ ክፉ ሥራ ይሠራራል እንጂ።

ሳህኑን ትታ የኋላውን ክፍል ልታናፍስ ገባች። ስትናደድ ማጽዳት ትወዳለች። ክፍሉን ግማሽ የያዘው ያ ቁም ሣጥን እንደ ወትሮው ተገትሯል። የሠራው አባታቸው ነው። አናጢ ነበር፣ ጎበዝ አናጢ፤ ቀኑን ሙሉ ሲሠራበት የሚውለው ቤት የሰው ነበረና የራሱን ዕቃ የሚሠራው እዚሁ ክፍል ውስጥ ነበር። አንድ ክረምት ሙሉ ለሚስቱ ቁም ሣጥን ሲሠራ ከረመ። መደርደሪያውን ለክቷል፣ መሳቢያውን ለክቷል፣ የሚስቱን የረጅም ካፖርት ልክ ሳይቀር ለክቷል፤ በሩን ግን አልለካም። ሥራው አልቆ፣ ቀለሙ ደርቆ፣ ወደ መኝታ ቤት ይግባ ሲባል ነው የክፍሉ በር ከቁም ሣጥኑ እንደሚጠብ የታየው። ሰውዬው ለሁለት እንዳይፈታው ሁሉንም በሙጫ አጣብቆታል፣ ምስማር መምታት ውርደት ነው ይል ነበር። ሚስቱ ቆማ አየችው አየችውና «እንግዲያው መኝታ ቤቱ እዚህ ይሁና» አለች ይባላል። ቁም ሣጥኑ ከዚያ ወዲህ ነቅነቅ ብሎ አያውቅም።

እትዬ የቁም ሣጥኑን በር ስትከፍት በሩ ሲጢጥ አለ። ያን ጊዜ ነው ፊልሙ ትዝ ያላት፤ ክንዷ ላይ የመወልወያ ጨርቋን እንደያዘች ቀስ ብላ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ፈገግ አለች። የቀረው ቀን ሁሉ ከዚያች ፈገግታ ነው የመጣው።

ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው፤ የቴሌቪዥን ሰዎች ይህን ቤት ለአንድ ሳምንት ተከራይተውት ነበር። ሐሙስ ሐሙስ የሚታይ «የሐሙስ ድንጋጤ» የሚባል ተከታታይ ዝግጅት ነበራቸው፤ በየሳምንቱ አንድ አጭር አስፈሪ ፊልም። የዚህ ቤቱ «የኋላ ክፍል» ይባላል። አንድ ወጣት ጸሐፊ ክፍል ይከራያል፣ ሲተኛ ከቁም ሣጥኑ ሙት ትወጣና ታንቀዋለች፤ ሌላ ነገር የለውም። የሙቷን ቦታ ልትሠራ የመጣችው ተዋናይት ግን ከቁም ሣጥኑ ውስጥ ካለው የብል መድኃኒት ሽታ ጋር መስማማት አቃታት። በገባች ቁጥር ታስነጥሳለች። የምታስነጥስ ሙት ደግሞ ማን ይፈራል? ዳይሬክተሩ ፀጉሩን ሲነጭ ሲነጭ ዓይኑ እናታቸው ላይ ዐረፈ፤ ወለሌን እንዳይጭሩብኝ ብላ ቀኑን ሙሉ በር ላይ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። «እርስዎስ?» አላት። «ምን ላደርግ?» አለች። «ቀስ ብለው ይወጡና ያንቁታል።» እናታቸው አልጋው ላይ የተጋደመውን ተዋናይ ከላይ እስከ ታች አየችው። በጫማው ምንጣፏን ሲረግጥ የዋለ ልጅ ነው። «እሺ» አለች።

ፊቷን ዱቄት ቀቧት፣ ፀጉሯን በተኑት፣ ነጭ ሌሊት ልብስ አለበሷት። ካሜራው ዞረ። ቁም ሣጥኑ ሲጢጥ አለ፣ እሷም ወጣች፣ እንደታዘዘችው ቀስ ብላ ሄደች፤ ከዚያ ግን ማንም ያላዘዛትን ነገር አደረገች። ተዋናዩ ጫማውን አንዱን እዚህ አንዱን እዚያ ወርውሮት ነበር። ጎንበስ አለችና ጫማዎቹን አንስታ ግድግዳ ጥግ፣ አፍንጫቸውን ወደ በሩ መልሳ፣ ጎን ለጎን አቆመቻቸው። ቀና ስትል የራስጌው መብራት ሰው ተኝቶ እያለ ቦግ ብሎ በርቷል። በማለፍ ላይ ሳለች ቀጭ አድርጋ አጠፋችው። ከዚያ በመስኮቱ ጭላንጭል ሄዳ አነቀችው። ዳይሬክተሩ ቁረጡ ማለት እስኪረሳ አፉን ከፍቶ ቀረ። ፊልሙ ታይቶ አገር ምድሩ የደነገጠው በመታነቁ አልነበረም፤ ጫማ አስተካክላ፣ መብራት አጥፍታ፣ ተረጋግታ በመምጣቷ ነው። ጋዜጣ ላይ አንድ ምሁር ሞት የሰውን መንገድ ስታሰናዳ ያሳያል ብሎ ረዥም ጽሑፍ ጻፈበት። እናታቸው ጽሑፉን አስነብባ ሰማችና «መብራቱ በከንቱ ይቆጥራላ!» አለች።

ወንድሟ ይህን ሁሉ አያውቅም። ያኔ ጎረምሳ ነበር፤ ሙት የሚባል ነገር ቤት ሊገባ ነው ሲባል ቦርሳውን አንጠልጥሎ አክስቱ ጋ ሄዶ ሳምንቱን እዚያ ከረመ። ፊልሙ የታየ ዕለትም ራሴን አመመኝ ብሎ ተከናነበ። እናታቸው እትዬን አስምላታለች፤ «ልጄ እኔን ሙት ሆኜ ካየኝ ከእጄ አይበላም፣ ነግሬሻለሁ» ብላ። ስሟም ፊልሙ ላይ እንዳይጻፍ ከለከለች። ልጁ ትልቅ ሰው ይሆንና እንነግረዋለን ተባለ፤ ትልቅ ሰውም ሆነ፣ ክራቫትም አሠረ፣ አስፈሪ ፊልም ሲጀመር ግን መኪናዬን ልቆልፍ ብሎ የሚወጣ ትልቅ ሰው ነው የሆነው። ሳይነገረው እናቱ ዐረፈች። የሐሙሱ ዝግጅት በኋላ አራት አራት ፊልም እየሆነ በካሴት ወጥቷል፤ የእነሱ ቤት ሁለተኛው ካሴት ላይ ሦስተኛው ነው። እትዬ ያሰበችው አጭርና ግልጽ ነበር። እንግዶቹ ሻይ ሲጠብቁ ፊልሙን ያዩታል፣ ቤቱን ያውቁታል፣ እግሬ አውጪኝ ይላሉ። ወንድሟ እንደ ልማዱ መኪናውን ሊቆልፍ ይወጣል፤ መሐላዋም አይፈርስም።

ልብሷን ቀይራ ቪዲዮ ቤት ሄደች። ባለ ቪዲዮ ቤቱ ከቁመቱ ባንኮኒው የሚረዝም ሰው ነው፤ ከካሴት ክምር ኋላ ራሱ ብቻ ይታያል። «ሁለተኛው? ፀጉር ቤት ነው ያለው፣ ከሰጠኋት ሳምንቷ ነው፤ ልሂድ ልቀበል እላለሁ፣ ሴቶች ሲስቁብኝ አልወድም» አለ። እትዬ ጥግ ዞር ብሎ ያለው ፀጉር ቤት ገባች። የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የገቡ ሴቶች ቢጉዲናቸውን እንደተጠቀለሉ ተደርድረው ከግድግዳው ከፍ ብሎ ወደተሰቀለው ቴሌቪዥን አንጋጠዋል። ሁለተኛው ፊልም ሊያልቅ ተቃርቧል። ፀጉር ሠሪዋ ዘዴውን ለእትዬ በሹክሹክታ ገለጠችላት፤ ይህን ካሴት ስታደርግላቸው ካስኩ አቃጠለኝ የሚል ሰው ጠፍቷል፣ ሁሉም ላቡን ፊልሙ ያመጣው ይመስለዋል። «ያቺ መብራት የምታጠፋዋን አይተሻታል፣ እትዬ? እኔ እኮ ስንቴ አይቻት እስካሁን ስታጠፋው ሰውነቴን ይወረኛል! ምን ዓይነት ክፉ ሴት ብትሆን ነው!» እትዬ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችው። «ክፉ ናት» አለች፤ «ካሴቱን ለዛሬ ስጪኝ።» አንዲት ወፍራም ሴት ከካስኩ ውስጥ «ሦስተኛውን ሳላይ ማንም አያወጣውም!» ብላ ጮኸች፤ ካስክ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እንደሚጮኸው። እትዬ ፀጉር ማጠቢያው ያለበትን ጥግ አየት አድርጋ፣ እዚያ የተንጠለጠለችውን ቀዳዳ መጋረጃ በጣቷ ነካ ነካ አደረገቻት። «አዲስ እሰፋልሻለሁ፤ ከነዘርፉ» አለች። ፀጉር ሠሪዋ ሳታንገራግር ተነሥታ ካሴቱን አወጣች። የተነሣው ተቃውሞ እትዬን እስከ መንገድ ድረስ ተከተላት።

ቤት ስትደርስ ካሴቱን የቪዲዮ ዴኩ ውስጥ ከተተችና ሦስተኛው ፊልም መጀመሪያ ላይ አድርሳ አቆመችው። ከዚያ ለአንድ ፎቶ ቤት ጨለማ ክፍል ታዝዛ የሰፋችውን ጥቁር መጋረጃ አውጥታ የሳሎኑ መስኮት ላይ ሰቀለችው። ገና የከሰዓት ፀሐይ ነበር፤ ሳሎኑ ግን ውስጡ ሰው ሊታነቅበት የሚችል ሳሎን ሆነ። ሻዩን ጣደችው፣ እሳቱን ግን አሳነሰችው። ሻይ መፍላት ያለበት ሰው ፊልሙን አይቶ ሲጨርስ እንጂ ሰው ሲገባ አይደለም።

መጡ። ምንጣፉ ላይ በጫማ መግባት ክልክል ነው፤ ሕጉን ያወጣችው እናታቸው ናት፣ ካረፈች ወዲህም የሻረው የለም። ደላላው ጫማውን ሲያወልቅ ካልሲው ተቀዶ አውራ ጣቱ ብቅ አለ፣ እሱም እንዳላየ ሆነ። ወንድሟ ጫማውን እንደ ሁልጊዜው አንዱን ወደ ቀኝ አንዱን ወደ ግራ አሽቀነጠረው። ዶክተሩ የጥርስ ሐኪም ነው፤ ሰላም ሲል ከዓይን በፊት ጥርስ ያያል። እትዬን ሰላም ሲላት አፏን ዘጋች። ሚስቱ ከሁሉም ቀድማ ገብታ በዓይኗ ግድግዳ ታፈርሳለች። ደላላው «ፀሐይ የማይጠፋበት ቤት ነው!» ካለ በኋላ ሳሎኑን አይቶ «ጠዋት ጠዋት» ብሎ ጨመረ። የኋላው ክፍል ሲደርሱ ሚስትየዋ ቁም ሣጥኑ ፊት ቆመች። «ይኼ ምንድን ነው? ይኼማ በመጥረቢያ ተሰባብሮ ነው የሚወጣው» አለች። ወንድሟ ሳቅ አለና «ምን ችግር አለው፣ አሮጌ ነው» አለ። እትዬ በር ላይ ነበረች። አባቷ መሳቢያውን በእጁ ሲያሸው፣ እናቷ ካፖርቷን ስትሰቅልበት ታያት። «ቁጭ በሉ፣ ሻዩ እየደረሰ ነው» ብቻ አለች።

ተቀመጡ። በማለፍ ላይ እንዳለች ዴኩን ነካ አደረገችውና ወጥ ቤት ገብታ በሩን በትንሹ ከፍታ አደመጠች። ሙዚቃው ሲጀምር የወንበር ድምፅ ተሰማ። ወንድሟ ነው፣ ተነሥቷል። «እኔ መኪናዬን ልቆልፍና...» ሲል ዶክተሩ ክንዱን ለቀም አደረገው። «ቆይ ቆይ! ይኼ የሐሙሱ አይደለም እንዴ? የኋላ ክፍል! ኧረ በናትህ ተቀመጥ! እኔ እኮ ተማሪ ሳለሁ ይኼን አይቼ ወር ሙሉ መብራት አብርቼ ነው የተኛሁት!» የጥርስ ሐኪም ክንድ ከያዘ አይለቅም፤ ወንድሟ ተመልሶ ተቀመጠ። ትንሽ ቆየና ሚስትየዋ ጮኸች። «ይኼ ኮሪደር! ይኼ እኮ ይኼ ቤት ነው!» ደላላው ከመቀመጫው ዘሎ ቴሌቪዥኑ ፊት ተገተረ። «እመቤቴ፣ ኮሪደር ሁሉ አንድ ነው» አለ። ከትከሻው በላይ ግን የኋላው ክፍል በር ታየ፣ በእግሮቹ መሃል የእናታቸው ምንጣፍ ታየ። እትዬ ወጥ ቤት ውስጥ በደስታ ጨርቅ ነከሰች።

ደስታዋ አልቆየም። «ዞር በል ከፊቴ!» አለ ዶክተሩ ደላላውን፤ ድምፁ ከደስታ ብዛት የልጅ ድምፅ ሆኗል። «ይኼን ቤት ነው የምገዛው? ያን ቁም ሣጥን? በሉ ማንም እንዳይነካው! ጓደኞቼን በሙሉ እጠራለሁ፣ አንድ በአንድ እዚያ ክፍል ነው የማስተኛቸው! ዋጋም ጨምር ካላችሁ እጨምራለሁ!» ሚስቱ እኔ እዚህ ቤት አንዲት ቀን አላድርም ብትል የሚሰማት አላገኘችም። የገዛ እጇ ሥራ ነው፤ ቤቱን ልታስጠላ ብላ ጭራሽ አስወደደችው። ከፀጉር ቤት ድረስ ሄዳ፣ መጋረጃ ከነዘርፉ ከፍላ፣ የራሷን ማባረሪያ አምጥታለች። ባዶ ኩባያዎች የደረደረችበትን ሳህን ይዛ ወጣች፣ ምን እንደምትሠራበት ግን አታውቅም።

ቁም ሣጥኑ ሲጢጥ አለ። ወንድሟ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኗል፤ ግን ሰው ነውና በጣቶቹ መሃል ያያል። ነጭ ለባሿ ወጣች። ፀጉሯ ፊቷን ጋርዶታል፣ የታየው ፊቷም ዱቄት ነው፣ የወለደችው ልጅ እንኳ አይለያትም። ቀስ ብላ ሄደች። ቆመች። ጎንበስ አለችና ጫማውን አነሣች፣ ሌላውን ፈልጋ አነሣች፣ ግድግዳ ጥግ ወስዳ አፍንጫቸውን ወደ በሩ መለሰችና ጎን ለጎን አቆመቻቸው፤ አንዷ ትንሽ ብትዛነፍ በእግሯ ጫፍ ነካ አድርጋ አስተካከለቻት። የወንድሟ እጆች ከፊቱ ቀስ ብለው ወረዱ። ሙቷ ቀና አለች፣ መብራቱን አየችው። ቀጭ።

«እማዬ» አለ።

ሳሎኑ ውስጥ የሚሰማው አልጋ ላይ የሚታነቀው ሰውዬ ድምፅ ብቻ ነበር። ዶክተሩ ቀልድ መስሎት ሳቀ፣ ከዚያ የሰውየውን ፊት አይቶ ተወው። ወንድሟ ወደ እትዬ ዞረ፤ ዛሬ ጠዋት ከመጣ ጀምሮ ዓይን ለዓይን ሲያያት ይህ የመጀመሪያው ነው። «እትዬ፣ እማዬ ናት አይደል?» እትዬ መሐላዋን አሰበች። «ናት» አለች። «ለምን አልነገርሽኝም?» «ትፈራለህ ብላ ነው።» «አልፈራም» አለ እየተንቀጠቀጠ። «መልሺው እስቲ።»

መለሰችው። እንደገና ወጣች፣ ጫማውን አነሣች፣ መብራቱን አጠፋች። «መልሺው» አለ። በሦስተኛው ይስቅ ጀመር፣ ጉልበቱን እየመታ፤ «ያቺን ነካ ያደረገቻትን አየሻት? በእግሯ ጫፍ! ኧረ እማዬ!» አለ፤ እየሳቀ ሳለ ፊቱ በእንባ ራሰ። እትዬም አለቀሰች፣ ሳህኑን የምታስቀምጥበት ስላጣች ይዛው አለቀሰች። እናታቸው ካረፈች ወዲህ አንድ ላይ ሲያለቅሱ የመጀመሪያቸው ነው። ቤት ውስጥ የእናታቸው ፎቶ ሞልቷል፤ ካረፈች ወዲህ ስትራመድ ግን አይተዋት አያውቁም ነበር።

ደላላው ሥራው ነውና ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ዶክተርም ስለወደደው፣ ነገ ጠዋት...» «ቁም ሣጥኑ አይሸጥም» አለ ወንድሟ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳያነሣ። ዶክተሩ ፊቱ ጠቆረ፣ ሚስቱ ግን ተመስገን አለች። የደላላው ምላስ መንታ ነው። «ቆንጆ! ቁም ሣጥኑ ይውጣ፣ ቤቱ ይሸጥ።» «ከበር አይወጣም» አለ ወንድሟ። «ታዲያ ምን ችግር አለው፣ ግድግዳው ትንሽ ፈረስ ይልና...» ወንድሟ ያን ጊዜ ዞር ብሎ አየው። «የማንን ግድግዳ ነው የምታፈርሰው?» አለው። እንዲህ ዓይነት ድምፅ ከወንድሟ ሲወጣ እትዬ ሰምታ አታውቅም። ደላላውም ሰምቶ የሚያውቅ አይመስልም፤ የተቀደደ ካልሲውን ይዞ ጫማውን ፍለጋ ሄደ። ዶክተሩ ከመውጣቱ በፊት የኋላውን ክፍል ለመጨረሻ ጊዜ አይቶ ተመለሰና የእትዬን እጅ ጨበጠ። «እናትሽ አንድ ወር እንቅልፍ ነሥተውኛል» አላት፣ በታላቅ አክብሮት።

ሻዩ ያን ጊዜ ደረሰ። ወንድምና እህት ወጥ ቤት ተቀምጠው ጠጡት። ስለ ቤቱ አላነሡም። ስለ ስልኩ አላነሡም። እሱ ኩባያውን እያሽከረከረ ቆየና «ያን ወረቀት ነገ አመጣልሻለሁ» አለ። «የቱን ወረቀት?» አለች እትዬ፣ አውቃ። «የውሃና የመብራቱን።» «እሺ» አለች። ይሄኛው እሺ እሺ ብቻ ነበር። «የቧንቧ ሠራተኛም ይዘህ ና፤ እውነተኛውን» ብላ ጨመረችበት። ሳቀና ተነሣ። ካሴቱን ልውሰደው ቢላት የፀጉር ቤቷ ነው፣ ካስክ ውስጥ ሴቶች እየጠበቁ ነው አለችው፤ ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባውም፣ እሷም አላስረዳችውም።

ውጭው መደንገዝ ጀምሯል። እትዬ የኋላውን ክፍል ልትዘጋ ገባች። ወንድሟ በኮሪደሩ ወደ በሩ ሲሄድ ሰማችው፤ መሃል ላይ ቆመ። ከዚያ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። መብራቱን አጥፍቶታል! በዕድሜው ሁሉ አንድ መብራት አጥፍቶ የማያውቅ ሰው፣ አይቶት አጠፋው። ያጠፋው ግን ጫማውን ከማድረጉ በፊት ነበርና አሁን ጨለማ ኮሪደር ውስጥ፣ በኋላው ክፍል በር አጠገብ፣ በካልሲ ቆሟል። «እትዬ?» አለ። «እትዬ... አለሽ?» ሊዋሽ ሲል ዝቅ የሚለውን ሳይሆን ሲፈራ የሚቀጥነውን ድምፁን ነው ያወጣው። እትዬ የዛሬ ጠዋቱን ስልክ አሰበች። በጨለማው ውስጥ እጇን ዘርግታ የቁም ሣጥኑን በር በአንድ ጣቷ ቀስ አድርጋ ገፋችው።

ሲጢጥ።

ከዚያ በኋላ የተሰማው የሩጫ ድምፅ፣ የአንድ ነገር መውደቅና የውጭው በር መበርገድ ነው። እትዬ ሆዷን ይዛ ስትደርስ ወንድሟ፣ ክራቫት ያሠረው የኢንሹራንስ ሰውዬ፣ በካልሲ ግቢው መሃል ቆሞ እያለከለከ ነበር። «እትዬ! ለእማዬ ነው የምነግርብሽ!» ብሎ ጮኸ።

ጎረቤት አንድ መስኮት ተከፈተና ተመልሶ ተዘጋ። እትዬ ጎንበስ አለች፤ ከቀኝ አንዱን፣ ከግራ አንዱን ጫማ አነሣችና ደጃፉ ላይ፣ አፍንጫቸውን ወደ ግቢው መልሳ፣ ጎን ለጎን አቆመቻቸው።

«ንገራት» አለችው። «መብራቱን ማን እንዳጠፋም አብረህ ንገራት።»